እማሆይ ያልዋጡት ክኒን

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የለመደው ትምህርት መገልበጥና የበሽተኛ ሙቀት መመዝገብ ብቻ ነው። ይህንንም ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ልናዘዝ ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሐሜትና ጸሎት ስለማስታጎል ብቻ ተናግሬ ተመልሻለሁ። ፊት ለፊቴ ሰው ካለ አንደበቴ ይታሰራል። ስለዚህ ፊትህን ለማላየው ለአንተ፣ ፊትሽን ለማላየው ለአንቺ እጽፋለሁ።

የአንኮበር ቄስ ልጅ ነኝ። ደብረ ብርሃን የመጣሁት ለረዳት ነርስነት ልሠለጥን ነበር። አባቴ የፈቀደልኝ አንድ ዓመት ነው። ካልሆነልኝ ጎረቤላ በምትባል ከተማ ሊያገባኝ የሚጠብቅ ሰው ነበረ፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ በዕድሜ አባቴን የሚያህል። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ምን ፈርቼ እንደነበር እንዲታወቅ ነው።

ትምህርቱ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ተስቦ ገባ። ከመማሪያ ክፍላችን ወንበሩ ወጥቶ አልጋ ተደረደረበት። ግማሾቹን ልጆች ወላጆቻቸው መጥተው ወሰዷቸው። የቀረነው ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ተራርቀን ድንጋይ ላይ እየተቀመጥን፣ ጣታችን በብርድ እየደነዘዘ ተማርን። ሲስተራችን ጊዜ ሲያጡ ትምህርቱን በአንድ ደብተር ላይ ይጽፉልናል፤ እየተቀባበልን እንገለብጣለን። ከዚያ ወደ በሽተኞቹ እንገባለን። ራስ እንላጫለን፣ ልብስ እንቀቅላለን፣ መድኃኒት እንሰጣለን። ፈተና እንደማይኖርና የሚያሳልፈን በየበሽተኛው ካርድ ላይ የሞላነው ሥራ እንደሆነ ተነገረን። ሲስተር፣ “ክኒን ማስዋጥ ያቃታት ልጅ ነርስ አትሆንም፤ ወደ እናቷ ትሄዳለች” አሉ።

አልጋዋ ከአልጋዬ አጠገብ የነበረው ዘነበች የአረርቲ ልጅ ናት። እኔ ጠዋትና ቀትር ስሠራ እሷ ከሰዓት በኋላ እስከ ማታ ትሠራለች። አፏ አያርፍም። “በዚህ ብርድ ቅማሉ ራሱ ጋቢ ይፈልጋል” እያለች ልብስ ስትቀቅል በሽተኞቹን ታስቃለች። እኔንም፣ “ከአንቺና ከበሽተኛው የታመመው ማነው? ቀና በይ እንጂ፣ የቄስ ልጅ” ትለኛለች።

በሁዳዴ እማሆይ ወለተ ማርያም የሚባሉ መነኩሴ ታመው መጡ። ክኒኑ በቀን ሦስት ጊዜ ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት ክኒኑንና ውኃውን ይዤ ስቀርብ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ።

“አንቺ የማን ልጅ ነሽ?”

ነገርኳቸው።

“አባትሽን አውቀዋለሁ። እንግዲያው አታሳፍሪው። ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ አልቀምስም። ክኒኑን ስጪኝና ሂጂ።”

የቄስ ልጅ ነኝ። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚፈታለት ከማንም በላይ አውቃለሁ። የነፍስ አባታቸውን ማስጠራት ይቻል ነበር፤ ከአጠገባቸው ለተኛችው ሴት እንዲሁ ተደርጎላት ከሁለት ቀን በፊት መድኃኒት ጀምራለች። ለሲስተር አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። እኔ ግን የእማሆይን ዓይን ፈራሁ፤ ሲስተርንም ፈራሁ። ክኒኑን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩና ካርዱ ላይ “ወስደዋል” ብዬ ጻፍኩ። ቀትርም ጻፍኩ። በማግስቱም ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። እጄን የያዘው ማን ነበር? ማንም አልነበረም።

ማታ ዘነበች ስትሰጣቸው ቅዳሴው ወጥቷልና ይውጣሉ። አንድ ማታ ግን፣ “ዛሬ እንዲሁ ልደር” ብለው እምቢ አሏት። እሷም ያየችውን፣ “እምቢ ብለዋል” ብላ ካርዱ ላይ ጻፈች። ለሲስተር ልትነግር ብትሄድ ሲስተር ከሚያጣጥር በሽተኛ ጋር ነበሩ። ወደ መኝታችን ስትመጣ፣ “አንቺ እንዴት እያደረግሽ ነው የምታስውጫቸው? እስቲ አስተምሪኝ” አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ ጋቢዬን ተከናነብኩ። ትሕትና መሰላት።

ትኩሳቱ አልበርድ አለ። ሲስተር ጠዋት ጠዋት ካርዱን እያዩ፣ “ከአንድ ማታ በቀር መድኃኒቱን ሁሉ እየወሰዱ ለምን አልተሻላቸውም?” እያሉ ሲጨነቁ አጠገባቸው ቆሜ እሰማ ነበር። መልሱ በእኔ አፍ ውስጥ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት እማሆይ ዐረፉ። ሊገንዟቸው ነጠላቸውን ሲያነሡ ጫፉ ተቋጥሮ ተገኘ። ሲፈታ ክኒን ነው፤ መዳፍ የሚሞላ ክኒን፤ ስንት እንደሆነ የቆጠረው የለም። ሲስተር እኔንና ዘነበችን አስጠሩን። ካርዱ በእጃቸው ነበር። በእኔ በኩል ሁሉም “ወስደዋል” ይላል። “እምቢ ብለዋል” የሚለው የዘነበች ብቻ ነው።

“ይኸው፣ በራስሽ እጅ ጽፈሽዋል” አሏት። “አንድ ማታ እምቢ ካሉሽ፣ በሌላው ማታ ምን አደረግሽ?”

“ዋጡ፣ ሲስተር። ቆሜ ነው የማየው።”

“እና ይህን ሁሉ ክኒን ማን ሰጥቶ ሄደ?”

ዘነበች ወደ እኔ ዞረች። ልትከሰኝ አልነበረም፤ እንድመሰክርላት ነው። ሲስተር፣ “አንቺስ?” አሉኝ።

“እኔ ሰጥቻለሁ” አልኩ።

እውነት ነው፤ ሰጥቻለሁ። ውሸቴን ያበጀሁት በዚያች እውነት ነው። ሲስተርም፣ “ይህቺስ ዝምተኛ ልጅ ናት፤ አትዋሽም” አሉ። ዘነበች በማግስቱ እንድትሄድ ተወሰነ።

ከዚያ ጠዋት እስከ ማግስቱ ስንት ሰዓት ነበረኝ? አብሬያት ልብሷን አጣጠፍኩ። አብሬያት እራት በላሁ። ወደ ሲስተር በር የሚወስደው መንገድ ከሃያ እርምጃ አይበልጥም ነበር፤ አልሄድኩም። ፈርቼ ነበር እል ይሆን? ዘነበችም ፈርታ ነበር፤ ግን እውነቱን ጻፈች። ልጅ ነበርኩ እል ይሆን? እሷ በእኔ እድሜ ናት።

እኔ አለፍኩ። ዛሬ በአንድ ክሊኒክ መድኃኒት እሰጣለሁ፤ በሽተኛው ሲውጥ ቆሜ አያለሁ፤ ሰው ጠንቃቃ ናት ይለኛል። እማሆይ ክኒኑን ቢውጡ ይድኑ ነበር ወይ? አላውቅም። የማውቀው እንዲድኑ እንዳልሞከርኩ ነው። አባቴ በኩራት የሚያወራልኝ ሥራ፣ የምበላው እንጀራ፣ ከጎረቤላው ሰውዬ ያመለጥኩበት መንገድ፣ ሁሉም በዘነበች የተገዛ ነው። ይቅርታ ብጠይቅ መጠየቅ ያለብኝ እሷን ነው፤ አረርቲ ደግሞ የማይደረስበት አገር አይደለም። እስካሁን አለመሄዴንም እዚሁ ጽፌዋለሁ።

ዘነበች በተባረረችበት ጠዋት አውቶቡሱ ድረስ የሸኘኋት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠዋቱን ሙሉ አንድም ቀልድ አልቀለደችም። ልትሳፈር ስትል አንገቴን አቅፋ ሳመችኝና፣ “ሌላው ሰው አደረገችው ቢል ግድ የለኝም፤ አንቺ እንደማታምኚው አውቃለሁ” አለችኝ።