የወይዘሮ አስቴር ክር

ዲላ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍ ሰጡኝ። አንድ መሥሪያ ቤት የቀድሞ የባህል ቡድኑን ዘፈኖች ወደ ኮምፒውተር እንድገለብጥ ቀጥሮኝ ነው፤ ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ። ስገባ ዘፈኖቹ የተቀዱባቸው ትልልቅ ባለ ስምንት ትራክ የቴፕ ክሮች ከተሰባበሩ ወንበሮች ሥር፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተደርድረዋል። ጣሪያው ያፈሳል። ያኔውኑ ደሜ ፈላ።

ይህ ሥራ ችኮላ አይወድም። ከበሮው፣ ጊታሩ፣ የዘፋኞቹ ድምፅ በየትራኩ ለየብቻ ስለተቀዳ ለየብቻ ይገለበጣል። እርጥበት የገባው ክር ደግሞ ይጣበቃል። ሳይደርቅ ከተጫወተ ድምፁን የያዘው ቡናማ ሽፋን ተልጦ ማሽኑ ላይ ይቀራል። የተላጠው አይመለስም። ማድረቂያ ስላልነበረን የጫጩት ማስፈልፈያ ሳጥን ተውሼ ሙቀቱን ሃምሳ ዲግሪ ላይ አስተካከልኩ።

ወይዘሮ አስቴር ከፍስሐ ገነት የመጡት በሁለተኛው ሳምንት ነው። የቡድኑ ዋና ድምፃዊት ነበሩ። የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወዲህ ግን ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኗል።

«ዘፋኝ ነበርኩ ስላቸው ልጆቼ ይስቃሉ» አሉኝ። «የኔን ድምፅ ብቻ ታወጣልኛለህ ልጄ?»

«አወጣለሁ እማማ። ሦስት ቀን ይስጡኝ።»

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ አቶ መንገሻ እንግዶች አስከትለው ገቡ። ወይዘሮ አስቴርንም አስጠርተዋቸዋል።

«የሳቸውን አጫውት» አሉኝ።

«ክሩ አልደረቀም፣ ይላጣል።»

«ሰው ፊት አታዋርደኝ! አጫውት ብያለሁ።»

አጫወትኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ወጣ። ወይዘሮ አስቴር አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ሳሳ፣ ታፈነ፤ ማሽኑ ሲጢጥ አለ። አቆምኩት። ቡናማ ዱቄት ተቆልሎበታል።

አቶ መንገሻ ወደ እንግዶቹ ዞረው «ባለሙያው ገና ለማጅ ነው» አሉ። እኔ በዚህ ሥራ ጸጉሬ ሸብቷል!

«ከዚህ ክፍል ይውጡልኝ» አልኳቸው፣ እንግዶቹ እየሰሙ። ከሰዓት በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ፈርሜ ተቀብዬ ማሽኑን በአልኮል ማጽዳት ቀጠልኩ።

ክሩ ከደረቀ በኋላ ስምንቱንም ትራክ ገለበጥኩ። የመጀመሪያው ዘፈን የለም። ከሁለተኛው የወይዘሮ አስቴርን ድምፅ ለይቼ ሲዲ ላይ ቀዳሁላቸው።

ሲዲውን ተቀብለው «የመጀመሪያውን ለሟቹ ባለቤቴ ነበር የዘፈንኩት» አሉኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህን ነው። የተጣበቀ ክር ሳይደርቅ አይጫወትም። አለቃ ቢቆጣም አይጫወትም።