አላውቀውም ያልኩበት አውቶቡስ

ባለፈው ወር መነጽር ልቀይር አዲስ አበባ ሄጄ የከተማ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከመስኮቱ በላይ «ለአረጋውያን ቅድሚያ እንስጥ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቀስ ብዬ፣ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ማንበብ የተማርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ስለሆነ ዛሬም አልቸኩልም። ከወረቀቱ ሥር የተቀመጠው ጎረምሳ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ነው። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ወረቀት የሚለጠፈው ነገሩ ሲጠፋ ነው፤ እንደ ጠፋ ሰው ፎቶ።

ልጅ እያለሁ በትውልድ መንደሬ በእንሴኖ እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ አልነበረም፤ ቢጻፍም የሚያነብ አልነበረም። ወደ ቡታጅራ የሚሄድ መኪና ላይ የወጣ ሰው ከፊት ጀምሮ እስከ ኋላ ሁሉንም እየጨበጠ ነው የሚያልፈው። የልጆቹን፣ የላሟን፣ የዝናቡን ነገር ሳይጠይቅ አይቀመጥም። ሾፌሩም ቢሆን ሰላምታው ሳያልቅ አይነዳም፤ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ሽማግሌ ከገባ ደግሞ ሁሉም ብድግ ብድግ ይላል፤ «ኖር!»፣ «ኧረ በአላህ ተቀመጡ!»፣ ግርግሩ ለብቻው ነው።

አስር ዓመት ሲሆነኝ አባቴ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ሊያስቀምጠኝ ወሰደኝ። እዚያ ልማር ነበር። ከስድስት ልጆቹ እኔን ነው የመረጠው። አዲስ ካኪ ቁምጣ አሰፋልኝ፤ ለአክስቴ ደግሞ እዚያው አገራችን ካለው ከቆሼ ገበያ የገዛውን በርበሬ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸከመላት። የአዲሱ ጨርቅና የበርበሬው ሽታ ተቀላቅሎ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ ደብተር ብቻ ነበር።

ከመናኸሪያው ወጥተን የከተማ አውቶቡስ ውስጥ ገባን። አባቴ ከረጢቱን አስቀመጠና ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሰላሙ አለይኩም! እንዴት ዋላችሁ!» አለ። ጥቂት ሰው ዞር ብሎ አየው። ከዚያ እንደ ልማዱ ከፊተኛው ወንበር ጀምሮ እጁን ይዘረጋ ጀመር። አንዲት ሴት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጣበቀች። አንድ ባለ ክራቫት ኪሱን ዳበሰ። ሦስተኛው ጨበጠው፤ ግን በርበሬው አፍንጫው ገብቶ ሲያስነጥስ እጁን ነጠቀው። ከኋላ አንዱ «ፋዘር፣ ሠርግ ቤት መሰለዎት እንዴ?» ሲል አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ።

አባቴ አብሯቸው ሳቀ። የሳቁት በሱ መሆኑ አልገባውም። እኔ ግን ገብቶኛል፤ ጆሮዬ ጋለ። ትኬት ቆራጩ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣

«ማሙሽ፣ ሰውዬው አባትህ ነው እንዴ?» አለኝ።

«አላውቀውም» አልኩ።

አባቴ ሰማ። የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ፤ የቆሸሸ ይመስል ኮቱ ላይ ጠረገው። ሁለት ትኬት ቆረጠና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከወረድን በኋላ አክስቴ ቤት እስክንደርስ ሁለት ሦስት እርምጃ ቀድሞኝ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ ልታስመዘግበኝ ሻሿን ስታስር አባቴ «ተይው፣ አብሮኝ ይመለሳል» አላት።

«ምን ነካህ ወንድምጋሼ! ለዚህ አይደል እንዴ ያመጣኸው? ልጁ ፊደል ይቁጠር እንጂ!»

«አባቱን መካድ ያለ ፊደል ችሎበታል። ፊደል ሲጨመርበት ምን ሊሆን ነው?»

እንሴኖ ተመለስኩ። በሳምንቱ ታናሽ ወንድሜ ያንኑ ቁምጣ ለብሶ ሄደ። እሱ ቢሮ ገባ፤ እኔ ቡታጅራ መናኸሪያ ጭነት ስጭን፣ በአውራ ጣቴ ስፈርም ኖርኩ። አባቴ ልክ ነበር ብዬ አልዋሽም። የአስር ዓመት ልጅ በአንድ ቃል ዕድሜ ልኩን አይቀጣም። እኔ ይቅርታ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝ፣ እንደዚያው ሞተ። የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው፦ ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ እንሴኖም ውስጥ መኪና ሲሳፈር ሰው አይጨብጥም ነበር። በዓይኑ ወንበር ፈልጎ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ዛሬ ቡታጅራም ከተማ ሆናለች። ባጃጅ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀን እንሄዳለን፤ ሰላም ሳንባባል እንወርዳለን። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚያወራው ሬዲዮ ብቻ ነው። ድሮ ማንበብ ሳልችል ቢያንስ «ይሄ መኪና የት ነው የሚሄደው?» ብዬ ሰው እጠይቅ ነበር። አሁን ታፔላውን ራሴ አነባለሁ፤ እሱም ቀረ።

ባለፈው ወር ግን እዚያ አውቶቡስ ውስጥ ከወረቀቱ ሥር ቆሜ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እጄን ለጎረምሳው ዘረጋሁ። «እንዴት ዋልክ ልጄ?» አልኩት። ከአንዱ ጆሮው የሰካውን ማዳመጫ ነቀለ፤ መጀመሪያ እጄን፣ ከዚያ ፊቴን አየ። አጠገቡ ያለችው ልጅ «ታውቃቸዋለህ እንዴ?» አለችው።

«ኧረ አላውቃቸውም» አላት።

እጄን ሰብስቤ ኮቴ ላይ ጠረግኩት። እሱ እንኳን እውነቱን ነው።