መርፌና ጋሽ መመሪያ

የሦስተኛ ፎቋን ልብስ ሰፊ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ፊት ለፊት «እትዬ» ትባላለች፤ ጀርባዋን ስትሰጥ «መርፌ» ናት። ቅጽል ስሙ ከሥራዋ የመጣ የሚመስለው ሰው ካለ እሷን አያውቃትም። ያወጣላት ምላሷ ነው። በዚያ ሕንጻ ያልተወጋ ሰው ቢፈለግ፣ ገና ያልተከራየ ክፍል ውስጥ ካልሆነ በቀር አይገኝም ነበር።

የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስጠግታ፣ ፔዳሉን እየረገጠች፣ ግቢውን ቁልቁል ስታይ ትውላለች። ሰው ሲያልፍ መጀመሪያ ስፌቱን ታያለች፤ ቀጥላ ሰውየውን ትንቃለች። በሩ ከበሯ ጋር የተፋጠጠው የሒሳብ መምህር አንድ ቀን ሱሪ ይዞ መጣና «እትዬ፣ ሰፍቶኛልና አጥብቢልኝ» ቢላት፣ «ሱሪው ምን በደለ? ያነሰው ሰውየው ነው!» ብላ ደረጃው ሙሉ ሰው እየሰማ አሳቀችበት። መምህሩ ከዚያ ወዲያ ልብሱን ሌላ ሰፈር ማሰፋት ጀመረ፤ ሰላምታውም በአንገት ብቻ ሆነ። እሷ ደግሞ ደንበኛ ማጣቷን ትታ አባባሏ ማማሩን ስታስብ ከረመች።

በሽታው መጣና ሱቁም ትምህርት ቤቱም ተዘጋ፤ የግቢው በር በሰንሰለት ታሰረ። ከየሕንጻው አንድ ሰው ብቻ እንዲወጣ ተፈቀደ፤ እሱም «አስተባባሪ» ተባለ። ሥራው ነዋሪውን መምከር፣ መደገፍ፣ የጎደለውን ከውጭ ማምጣት ነው። ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ዝም ሲል፣ ታችኛው ወለል ላይ ከታላቅ እህቱ ጋር የሚኖረው ጡረተኛ እጁን አወጣ። ዕድሜ ልኩን በአውቶቡስ መነሻ ላይ ፊሽካ እየነፋ መኪና ሲሸኝ የኖረ ተቆጣጣሪ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚነፋበት አጥቶ ግቢ ውስጥ ድመት ሲያሰልፍ ነበር የሚውለው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ሕንጻውም እሱን ተቀበለ።

ሰደርያ ሰጡት፣ ባጅ ሰጡት፣ ድምጽ ማጉያ ሰጡት። ከሁሉ የከፋው ግን ጥግ ጥጉ በስቴፕለር የተመታ መመሪያ መስጠታቸው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «መመሪያው እንደሚለው» ሳይል አፉን ከፍቶ አያውቅም፤ ስሙም ጋሽ መመሪያ ሆነ። ዕድሜው አንቱ የሚያስብል ነው፤ መርፌ ግን አንቱታውን ከአፏ አሳልፋ ወደ ልቧ አስገብታለት አታውቅም።

ምን ያላደረገው አለ! ደረጃው ላይ በቀኝ ውጡ በግራ ውረዱ የሚል ቀስት በኖራ ሠራ፤ ደረጃው እኮ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፍ ነው። የዕርዳታ ሳሙና ሲመጣ እያንዳንዱ አባወራ ሳሙናውን ከፍ አድርጎ ይዞ ፎቶ እንዲነሳ አዘዘ። መርፌ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ለሕንጻው ሁሉ የፊት መሸፈኛ ሰፍታ በነጻ ብትሰጥ፣ ተቀብሏት ግቢ መሀል ቆመና «ኮሚቴው ያዘጋጀላችሁ» ብሎ አደለው። የሚናገረው መሸፈኛውን ሳያወልቅ ስለሆነ ድምጽ ማጉያው የሚያጎላው ማጉረምረሙን ብቻ ነበር።

«ኮሚቴው!» አለች መርፌ መስኮቷ ላይ ለብቻዋ። «መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት የማይችል ኮሚቴ!»

ዋናው ሥራው ግን የማለዳው ጥሪ ነበር። መመሪያው አስተባባሪው የየቤቱን ደህንነት ከርቀት ያረጋግጥ ይላል። ስለዚህ በየማለዳው ግቢው መሀል ይቆምና ከታች ወደ ላይ ይጣራል። «ሁለተኛ ፎቅ! እንዴት አደራችሁ?» ከየመስኮቱ «ደህና! ደህና!» ይዘንብለታል። «ተመስገን! ሦስተኛ ፎቅ! እንዴት አደራችሁ?» «ደህና!» «ተመስገን!» አራተኛ ፎቅ ላይም እንዲሁ። ያ ሕንጻ ሥራ ያጣ፣ የተጣላ፣ የተራበ ሰው ሞልቶበት ሳለ በጋሽ መመሪያ ጆሮ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደህና ነበር። መርፌ ይህን ስታይ በሳቅ ትሞታለች። «እንዴት አደርክ ያሉት ሰው ምን ሊል ኖሯል? ገደል ውስጥ የወደቀ ሰው እንኳ እንዴት አደርክ ሲሉት ደህና ነው የሚለው» ትላለች። ብልህነቷን ለማንም አላካፈለችም፤ ከላይ ሆኖ መናቁ ይበቃታል።

እሷ ራሷ አስም አለባት። ከልጅነቷ ጀምሮ ወደ አፏ የምትነፋው መድኃኒት ከመቀስና ከሜትሯ ጋር ጠረጴዛዋ ላይ ይቀመጣል። ድሮ ነውር አልነበረም። አሁን ግን ሳል ማለት ሌላ ነገር ሆኗል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዱ ውኃ ትን ብሎት ቢያስል በማግስቱ ነጭ የለበሱ ሰዎች መጥተው ወሰዱት፤ ጎረቤቶቹም የተጓዘበትን ደረጃ በበረኪና አጠቡት። ስለዚህ መርፌ ሳሏ ሲመጣ ጨርቅ የሌለበትን መኪና በባዶው ትረግጣለች፤ ሳሉ በኳኳታው ውስጥ ይሰወራል። ሰው «እትዬ ሥራ በዝቶባታል» ይል ነበር።

መድኃኒቱ እያለቀ መምጣቱን ታውቃለች። በሰንሰለት ከታሰረው በር አልፎ መድኃኒት ቤት መድረስ የሚችለው ደግሞ ባለ ባጁ ብቻ ነው። መምህሩን አንኳኩታ «ለባለ ባጁ ንገርልኝ» እንዳትለው ሱሪው አለ። ለሌሎቹም ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሱሪ አለ። ጋሽ መመሪያን ከመለመን ደግሞ ትንፋሽ ማጣት ይሻላል አለች፤ እስክታጣው ድረስ።

አንድ ማለዳ የመድኃኒቱ ዕቃ ብትጫነውም ብትመታውም ምንም አልወጣው አለ። ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ኩራት እራቷ የነበረች ሴት መስኮቷን ከፍታ ሰውየውን መጠበቅ ጀመረች። «መድኃኒቴ አልቋል፣ ያምጡልኝ» ልትል አዘጋጅታለች። አጭር ቃል ናት፣ ነውርም የለባትም። ጋሽ መመሪያ መጣ። ዘወትር በእንፋሎት ይተኮስ የነበረው ሱሪው ያን ሰሞን ከመጨማደዱ የተነሳ ተኝቶበት ያደረ ይመስል ነበር፤ ትንፋሽ ባይኖራትም ይህ አላመለጣትም። «ሹመቱ ሱሪ መተኮሻ ጊዜ ነሳው» አለች በሆዷ።

«ሦስተኛ ፎቅ! እንዴት አደራችሁ?»

«ደህና፣ ተመስገን!» አለች መርፌ።

አፏ ቀደማት። ያዘጋጀችው ዓረፍተ ነገር ጉሮሮዋ ላይ ቀረ፤ ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው መልስ ግን ሳይጠራ ወጣ። ልትጣራ ብላ እጇን ብታነሳ፣ ሰላምታ መስሎት እሱም እጁን አነሳላትና ወደ አራተኛ ፎቅ ዞረ። ያን ቀን ሙሉ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ራሷን ሰደበች። ሰው ሁሉ ሲዋሽ የሳቀች ሴት፣ በተራዋ እንደ በቀቀን ደገመችው።

በማግስቱ ግን ተለማምዳ ጠበቀችው። «ደህና አይደለሁም» የሚለው ነገር አፍ ላይ እንዴት ይከብዳል! ሰላምታ ተጠይቆ እንዲህ ብሎ መመለስ ሰውየውን በጥፊ እንደ መምታት ነው። በጥፊ መምታት ደግሞ ለሷ ብርቅ አልነበረም፤ ብርቅ የሆነባት መለመኑ ነው።

«ሦስተኛ ፎቅ! እንዴት አደራችሁ?»

«ደህና... አይደለሁም!»

«ተመስገን!» አለ ጋሽ መመሪያ። «አራተኛ ፎቅ!»

መርፌ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ዕድሜ ልኳን ያጠራቀመችው ስድብ ሁሉ ደረቷ ላይ ተሰለፈ፤ የሚያወጣው ትንፋሽ ግን የለም። ያላት ባዶው የመድኃኒት ዕቃ ነው፤ ወረወረችው። ድምጽ ማጉያውን መታና እግሩ ሥር ወደቀ። ቀና ሲል አገኛት፤ ደረቷን ይዛ ትንፋሽ ስታሳድድ።

የዚያን ጊዜ የታፈነው ሳል ሁሉ አንድ ላይ ወጣ።

«ያዛት!» አለች አንዷ። «ወይኔ፣ መርፌን ያዛት!» መስኮቶቹ ከላይም ከታችም ተራ በተራ ተዘጉ። መምህሩም መስኮቱን ዘጋ፤ መጋረጃውንም ጨመረበት። ግቢው ውስጥ ጋሽ መመሪያ ብቻ ቀረ። እሱ ምን አደረገ? መመሪያውን አወጣና ይገልጥ ጀመር። አንዴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ደግሞ ከመጨረሻ እስከ መጀመሪያ። «እኔ እየሞትኩ ገጽ ይቆጥራል» አለች መርፌ። በሕይወቷ ማንንም እንደዚያ ንቃ አታውቅም። በመጨረሻም ባዶውን ዕቃ አልኮል አርከፈከፈበት፣ ላስቲክ ውስጥ ከተተውና ወደ በሩ ሄደ።

ነጭ ለባሾቹን ሊጠራ ነው አለች። መስኮቱ ሥር ከተጋደመችበት ተነስታ በሩን ልትቀረቅር አሰበች፤ ትንፋሽ ግን ከየት ይምጣ። ቆይቶ በደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ሰማች። አንድ ሰው ብቻ ነው። በሩ ተንኳኳ፤ ከፍታ ብታይ ምንጣፉ ላይ ላስቲክ ተቀምጧል፤ ጋሽ መመሪያ ደግሞ በኖራው ቀስት በኩል፣ መመሪያው ያዘዘውን ያህል ርቆ ቆሟል። ላስቲኩ ውስጥ አዲስ መድኃኒት አለ። ነፋችው፤ ደግማ ነፋችው። ደረቷ ቀስ እያለ ተከፈተ።

«ሰዎቹን ጠርተዋል?» አለችው፣ ድምጿ ሲመለስ።

«የትኞቹን?»

«ነጭ የለበሱትን ነዋ።»

«መመሪያው ሳል ያለበትን አሳውቁ ይላል» አለ ጋሽ መመሪያ። «አስም ግን አይልም። አስም የሚል ቃል የለበትም፤ ከዳር እስከ ዳር ፈልጌዋለሁ።»

መርፌ መሬት መሬት አየች። ምስጋና የለመደ አፍ አልነበራትምና የሚቀርባትን ቃል አነሳች። «እርስዎስ... እርስዎ እንዴት ነዎት?»

«ደህ—» አለና ቆመ። ድምጽ ማጉያውን ደረጃው ላይ አስቀመጠ፤ አጠገቡ ተቀመጠ።

«እህቴ አረፈች» አሉ ጋሽ መመሪያ።

«ምን? መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት። ሆስፒታል ከገባች ወዲህ አላሳዩኝም።»

«ታዲያ... በየማለዳው ግቢ ውስጥ ሲጣሩ... ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ እንደ አንድ የመመሪያ አንቀጽ ነበር ያሉት። «ለቀብር አሥር ሰው ይፈቀዳል። መመሪያው እንደዚያ ይላል። ብቻዬን ነበርኩ፤ ዘጠኝ ቦታ ተረፈ።»

መርፌ እነዚያን ማለዳዎች አሰበች፤ ከየመስኮቱ እንደ ፍርፋሪ ሲወረወርላቸው የነበረውን «ደህና»። ተጨማዶ ስታየው የሳቀችበት ሱሪም ትዝ አላት። ከዚያ ሕንጻ ሰው ሁሉ አስበልጣ ራሷን ናቀች።

ሽማግሌው ተነስተው ሰደርያቸውን አስተካከሉ፣ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «አራተኛ ፎቅ ሳልጨርስ ነው የሄድኩት» ብለው በቀኝ በኩል፣ ቀስቱን ተከትለው ወጡ። መርፌ በሯ ላይ እንደቆመች ቀረች።

ከላይ ድምጻቸው ተሰማ፤ ያለ ማጉያ፣ የደከመ ድምጽ። «እንዴት ዋላችሁ?»

«ደህና!» አለ አንዱ፤ በሩ ድው ብሎ ተዘጋ።

መርፌ ደረጃው መሀል ወጥታ ቀና አለች፤ ያን አዲስ ትንፋሽ አንዲት ሳታስቀር ሰብስባ፣ ሕንጻው ከታች እስከ ላይ እስኪያስተጋባ ጮኸች።

«‹እርስዎስ› አይባልም እንዴ፣ ጋጠወጥ ሁላ!»