ከባልዲው አንድ ስንዝር ርቆ የቆመው ብልቃጥ

በእርሾ ፋብሪካችን ናሙና የሚቀዱትን ሴት፣ ስማቸውን ትተን «እትዬ በረዶ» እንላቸው ነበር፤ ያለ በረዶ ባልዲያቸው ታይተው አያውቁምና። በየሰዓቱ እርሾው ከሚራባበት ትልቅ ጋን ቧንቧ ይቀዳሉ። የመጀመሪያውን ኩባያ ይደፉታል፤ ቧንቧው ውስጥ ተኝቶ የቆየ ስለሆነ ስለ ጋኑ አይናገርም። ሁለተኛውን በብልቃጥ ተቀብለው ወዲያው በረዶው ውስጥ ይቀብሩታል፤ ሰዓቱንም ይጽፋሉ። የላቦራቶሪው ሰው ስኳሩን ይለካል፤ እኔም በልኬቱ መሠረት ለጋኑ የእርሾውን ቀለብ፣ ከስኳር ፋብሪካ የሚመጣውን ጥቁር ሞላሰስ፣ እለቃለሁ።

አንድ ቀን ምን እንዲህ እንደሚያጣድፋቸው ብጠይቅ፣ እርሾ እንደ ክፉ እንግዳ ነው፣ ዞር ስትል ድስቱን ያራቁታል አሉኝ። ብልቃጥ ውስጥ ገብቶም ስኳሩን መብላት አይተውም፤ የሚያስቆመው ብርድ ብቻ ነው።

ባልም ልጅም አልነበራቸውም። ያሏቸው አልጋ የያዙ እናታቸው ነበሩ።

አንድ ረፋድ የአራት ሰዓቱን ናሙና እንደቀዱ ጎረቤታቸው ደወለች፤ እናትዎ እያጣጣሩ ነው፣ ቶሎ ይድረሱ አለቻቸው። ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ ጋውናቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሮጡ።

እኔ በዚያ በኩል አለፍኩ። ብልቃጡ ከባልዲው አንድ ስንዝር ርቆ ቆሟል፤ አፉ ላይ አረፋ ኩፍ ብሏል። አየሁት። የሰው ሥራ አልነካም ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ፤ በዚህ ጠባዬ እኮራ ነበር።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲለካ ስኳሩ ተሟጦ ተገኘ። ጋኑ ተርቧል ተባለና ሞላሰሱን ለቀቅሁበት። ጋኑ ግን አልተራበም ነበር። እርሾ ስኳር ሲበዛበት መራባቱን ትቶ አልኮል ይሠራል፤ ሲመሻሽ ያ ሁሉ ጋን የመጠጥ ቤት ጠረን ያዘና ተደፋ። ሥራ አስኪያጁ ጥፋቱን በላቦራቶሪው ሰው ላይ ጥሎ የስንብት ደብዳቤ አስጻፈ። እኔ ዝም አልኩ።

እትዬ በረዶ በአራተኛው ቀን ጥቁር ለብሰው መጡ። እናታቸውን በሕይወት አላገኟቸውም። ማንም ሳይጠይቃቸው መዝገቡን ገለጡና ከአራት ሰዓቱ ጎን «ከበረዶ ውጪ ቆየ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ጻፉ። የስንብቱ ደብዳቤ ተቀደደ። እሳቸውም ሃያ ስድስት ዓመት የያዙትን ባልዲ አስረክበው ወደ ጠርሙስ አጠባ ወረዱ።

ጡረታ ሊወጡ ሳምንት ሲቀራቸው አጠባው ክፍል ሄጄ ያን ቀን ብልቃጡን አይቼ ማለፌን ነገርኳቸው። የያዙትን ጠርሙስ አለቅልቀው ደፉ።

«ብታስገባው ኖሮ ጋኑ ይተርፍ ነበር» አሉኝ። ሌላ ጠርሙስ እያነሱ፣ «ለእናቴ ግን አንተም አትደርስላትም ነበር።»

እጅጌዬን ሰብስቤ ከክምሩ አንድ ጠርሙስ አነሳሁ። ቀስ ብለው ከእጄ ተቀበሉኝ።

«ተወው፣ ወንድሜ። ይሄ የእኔ ሥራ ነው።»