ልጅቱ ታውቃለች

የደረቀ የባቄላ አገዳ «ቀጭ» ብሎ ሲሰበር በሰማሁ ቁጥር፣ የጀመርሁትን ሥራ ትቼ ቆም እላለሁ። ከተማ ውስጥ የባቄላ አገዳ ከየት ይመጣል እንዳትሉኝ፤ ጎረቤቴ ለበጎቿ በአህያ ታስመጣለች፣ እኔም በግቢው ሳልፍ እረግጠዋለሁ። ያ ድምፅ እናቴ ከመደብ ስትነሳ ከሰውነቷ ይወጣ የነበረው ድምፅ ነው። አጠገቧ የምተኛው እኔ ስለነበርሁ ከኔ በቀር የሚሰማው አልነበረም፣ ከሰማሁም በኋላ እሷ ትንፋሿን እስክትመልስ ድረስ የራሴን ትንፋሽ ይዤ እጠብቃት ነበር።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ፣ ስማዳ፣ ከወገዳ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ መንደራችን የሆነ ነው። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከኔ በኋላ የተወለዱት ሁለቱ በኩፍኝ ስለሞቱ ለቤቱ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርሁ፣ እናቴም ያን ክረምት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በሐምሌ ዝናብ መሐል ሕመሙ ጀመራት። መጀመሪያ የበሩን ደፍ መሻገር አስቸገራት፤ አንዱን እግሯን አንስታ ሌላው ላይ መቆም ሲያቅታት የበሩን መቃን ይዛ፣ ጉልበቶቿን አጋጥማ፣ እንደ ታሰረች በቅሎ በትንሽ በትንሹ እየተራመደች ትወጣ ነበር። ወገቧ ላይ የምታስረውን መቀነት ፈትታ ዝቅ አድርጋ፣ ከሆዷ ሥር ዳሌዋን አዙራ ማሰር ጀመረች። አንዱን ጫፍ እሷ ትይዛለች፣ ሌላውን እኔ ይዤ እግሬን ግድግዳው ላይ ተክዬ እስባለሁ፣ «ጨምሪ» ትለኛለች፣ እጨምራለሁ። እንዲያ ጠፍረን ካሰርነው ምንጭ ወርዳ እንስራዋን ሞልታ ትመለስ ነበር። ስትተኛም በጉልበቶቿ መሐል የበግ አጎዛ ጠቅልዬ አስገባላታለሁ፣ ወደ ሌላው ጎኗ መዞር ስትፈልግ ትቀሰቅሰኝና ሁለት ሆነን እናዞራታለን።

አንድ ቀን አባቴ ጎረቤት ሄዶ፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣ እጄን ያዘችና በቀሚሷ ላይ፣ ከሆዷ በታች ከፊት ለፊት ካለው አጥንት ላይ አስቀመጠችው። «እዚህ ጋ ነው» አለችኝ። «እንደ በር ይከፈታል።» እጄን ላነሳ ስል ይዛ አስቀረችውና፣ «ለማንም እንዳትናገሪ፣ ለአባትሽም ቢሆን። ሴት ልጅ እዚህ ጋ አመመኝ አትልም» አለችኝ። ጎረቤት ምነው ስትላት «ወገቤን» ነበር የምትለው። በአገራችን ወገብ ያልታመመ ሰው ስለሌለ ማንም ደግሞ አይጠይቅም ነበር። እኔም ምስጢር ማወቄ አኩርቶኝ ነበር፣ አልዋሽም፤ ትልቅ ሰው የሆንሁ መስሎኝ መንደሩን ደረቴን ነፍቼ ነበር የምዞረው።

የፍልሰታ ጾም ሲገባ ሴቶቹ ሁሉ ሲሰግዱ እሷ ቆማ ቀረች። አንዳንዶቹ ኩራት ነው አሉ፣ ጆሮዬ ሰምቷል። የንስሐ አባታችን ጠጋ ብለው ሲጠይቋት «ወገቤን ነው አባ» አለቻቸው፣ እሳቸውም «ስግደቱ ይቅርብሽ ልጄ፣ ቆመሽ ጸልዪ፤ ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብለው ባርከዋት ሄዱ።

ጥቅምት ላይ ገብሱ ደረሰ። አባቴ ከአጨዳው ውሃ ሊጠጣ ድንገት ቢመጣ፣ እናቴ ከመደቡ እስከ ምድጃው በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች አገኛት። አባቴ ቁጣው ቶሎ የሚመጣ፣ ግን የሚወዳት ሰው ነበር፤ ማጭዱን መሬት ላይ ጣለና፣ «ይች ሴት በእጇ መሄድ ጀምራለች፣ ምን እስክትሆን ነው የምጠብቀው?» ብሎ ከወንዙ ማዶ ወጌሻውን አያ ደምሌን ሊያመጣ ወጣ። አያ ደምሌ ስብራት በመጠገን የታወቀ፣ ከገደል የወደቀን በሬ ሳይቀር ያቆመ ሽማግሌ ነበር፣ አሁንም ክፉ ሰው ነበር ማለት አልችልም። እኩለ ቀን ላይ ደረሱ። ከአጨዳው ሁለት ጎረቤቶች «እንያዝላችሁ» ብለው ተከትለው ገቡ። እናቴ በጋቢ ተሸፍና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ሽማግሌው በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፣ ቅቤውን በመዳፉ እያሟሟቀ፣ «ወዴት ላይ ነው የሚያምሽ ልጄ? ከፊት ነው ከኋላ?» ብሎ ጠየቃት።

እናቴ ጋቢውን እስከ ጆሮዋ ሳበችው። ደግሞ ጠየቃት። ሳትዞር፣ ወደ ግድግዳው እንደሆነች፣ «ልጅቱ ታውቃለች» አለች።

አራት ወንዶች ወደ እኔ ዞሩ። ከሁሉም የአባቴ ዓይን ነው የከበደኝ። እጄ ያን ቦታ ያውቀዋል፣ ግን እዚያ ቤት ውስጥ በአባቴ ፊት በምን ስም እጠራዋለሁ? ደግሞስ ለአባትሽም ቢሆን ብላኝ የለ? «ወገቧን ነው» አልሁ። «ከኋላ?» አለኝ። «አዎ፣ ከኋላ።»

አያ ደምሌ ወገቧን ዳሰሰ፣ አሸ፣ «ተዛንፏል» አለ። ከዚያ አባቴን ትከሻዋን አስይዞ፣ በጎኗ አስተኝቶ፣ የላይኛውን እግሯን አንስቶ ወደ ውጭ ሳበው። ያ ድምፅ ወጣ፤ ያን ቀን ግን ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ሰማው። ሽማግሌው ደስ ብሎት «ገባ!» አለ፣ ጎረቤቶቹም ተመስገን አሉ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ነበር። ድምፁ ከየት እንደ ወጣ የማውቅ እኔ ነበርሁ፣ ቆሜ አየሁ እንጂ አንዲት ቃል አልተናገርሁም።

ኅዳር ላይ ሴቶቹ ማርያም ማርያም ሲሉ ውለው ወንድሜ ተወለደ፣ ጤነኛ ልጅ ነበር። እናቴ ግን ከዚያ ወዲያ መቀነቱን ብንጠፍረውም አልያዘላትም። በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሳ ልጁን ታቅፋ የሄደችው ጎረቤታችን ናት፤ እናቴ ደፉ ላይ ተቀምጣ ሰዉ ዳገቱን ሲወጣ በዓይኗ ሸኘች። ሁለት ልጆች ቀብራለችና ይህን ልጅ ራሷ አቅፋ ቤተ ክርስቲያን ማድረስ ነበር ክረምቱን ሙሉ ስትመኝ የኖረችው። ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜዋ ማብቂያ በዱላ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች ሄደች፣ ሌላ ልጅም አልወለደችም። ውሃ መቅዳቱ የኔ ሆነ። ከምንጩ ስመለስ ደፉ ላይ ተቀምጣ ስታየኝ እንስራው ሳይሆን ዓይኗ ነበር የሚከብደኝ።

«ልጅቱ ታውቃለች» ያለችው ንገሪልኝ ማለቷ ነው፣ ወይስ አደራዬን ታውቃለች ማለቷ? ተድሬ፣ ወልጄ፣ አገር ለቅቄም ይህ ጥያቄ አልለቀቀኝም። አደራ ነው ካለችኝ ነጻ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ካረጀች በኋላ አንድ የበጋ ከሰዓት ጥጥ ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጬ ጠየቅኋት። እንዝርቷ ቆመ። «እኔ መናገር ያቃተኝን ልጄ ትበልልኝ ብዬ ነበር» አለች። ደግሞም፣ «‹ከኋላ› ስትይ ሰምቼሻለሁ። አፍ ነበረኝ እኮ፤ አይደለም ብል ማን ይዞኝ ነበር?» አለችና መፍተሏን ቀጠለች። ልታጽናናኝ ነበር የፈለገችው። እኔ ግን የሰማሁት የፊተኛውን ቃሏን ብቻ ነው።

አምና ልጄ ነፍሰ ጡር ሆና ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ አብሬያት ገባሁ። ባሏ አጠገቧ ተቀምጧል፣ ሐኪሙም ገና ጎረምሳ ነው። ልጄ በጣቷ ጠቁማ «ከብልቴ ከፍ ብሎ፣ አጥንቱ ጋ፤ ስራመድ የሚከፈት ይመስለኛል» ስትለው፣ እኔ መስኮቱን አየሁ። ሐኪሙ ከቤተሰብ እንዲህ የታመመ ሰው ካለ ሲጠይቃት የለም አለችው። «አለ» አልሁ። «እናቴን ያማት ነበር» ብዬ ልጄ የጠራችውን ቦታ በስሙ ጠራሁት፣ በስድሳ ስንት ዓመቴ፣ በአማቼ ፊት። ሐኪሙ «እሺ እማማ» ብሎ ጻፈ። አማቼ ስልኩን እየነካካ ነበር፣ ቀና ብሎም አላየኝ።

ያ ዘመን ሌላ ነበር፣ ሰዉም ሌላ ነበር እያልሁ ራሴን ስደልል ኖሬአለሁ። ነገር ግን አያ ደምሌም ጠይቆ ነበር፣ ከፊት ነው ከኋላ ብሎ፣ ልክ እንደዚህ ጎረምሳ ሐኪም፣ ሥራውን ብቻ እያሰበ። ከፊት ነው ብዬው ኖሮ እሱም እሺ ብሎ፣ እግሯን ሳይስብ እጁን ያነሳ ነበር ይሆናል።