አባቴ ለጠፈርተኛው ያስተረጎመበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ለአባቴ ልደት ዳንፎርዝ መንገድ ላይ አበባ ስገዛ፣ ሻጯ አሥራ ሁለት ጽጌረዳ ቆጥራ ልትጠቀልልልኝ ስትል አንዷን መዝዤ መለስኩላት። ገረማት። በሩሲያውያን ልማድ ቁጥሩ ለሁለት እኩል የሚከፈል አበባ የሚሰጠው ለሞተ ሰው ነው።

ይህን ያወቅኩት በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ነው። ፕሮፌሰራችን በሶቭየት ዘመን ሁለት ጊዜ ወደ ጠፈር የወጡ አንድ አዛውንት ለንግግር ጋብዞ ነበር። አስተርጓሚው ታሞ ንግግሩ ሊሰረዝ ነው ሲለን እጄን አወጣሁ። «አባቴ ሞስኮ ነው የተማረው፤ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው» አልኩ። መማሩስ እውነት ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ግን በመሐንዲስነት አንድ ቀን አልሠራም፤ ታክሲ ነበር የሚነዳው። ያኔ ፕሮፌሰሬን ለማስደሰት የማልለው ነገር አልነበረም።

በንግግሩ ዕለት ከሰፈራችን ከሴንት ጄምስ ታውን ስንወጣ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ይጥል ነበር። አባቴ ያለችውን አንድ ሱፍ ለብሷል። የያዝኩትን እቅፍ አበባ በዓይኑ ቆጠረው።

«አሥራ ሁለት? ሰውዬውን ልትቀብሪያቸው ነው እንዴ?» አለና አንዷን መዝዞ ኮቱ ኪስ ከተታት።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። አንድ ሰው ሥራውን ቢጠይቀው ውሸቴ ይወጣል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ በሥራው እንዳፈርኩበት አባቴ ያውቃል።

ጠፈርተኛው አጠር ያሉ፣ እጃቸው ሰፋፊ ሰው ነበሩ። የትራክተር ነጂ ልጅ እንደሆኑ፣ ተዋጊ አውሮፕላን ሲያበሩ እንደተመረጡ፣ ወራት ቆይተው ወደ ምድር ሲመለሱ ማንኪያ እንኳ እንደከበዳቸው አወሩ። እዚያ ላይ ሆነው የናፈቃቸው ጨው የተነሰነሰበት ጥቁር ዳቦ ነበር። አባቴ መጀመሪያ ላይ ተንተባተበ። ዳቦው ጋ ሲደርስ ግን ድምፁ የወጣት ድምፅ ሆነ።

«አሁን ምን ይሠራሉ?» ብሎ አንድ ተማሪ ጠየቀ።

ሰውዬው እየሳቁ መለሱ። አባቴ ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ «ጡረታው ስላልበቃቸው በመኪናቸው ሰው ያመላልሳሉ። ታክሲ ነጂ ናቸው» አለ። ቀጥሎም፣ «እንደ እኔ።»

ይህንኑ በሩሲያኛ ሲነግራቸው ጠፈርተኛው ብድግ ብለው አቀፉት። ስለ ጎማ ይሁን ስለ ተሳፋሪ እንጃ፣ አዳራሹን ሁሉ ረስተው ጨዋታ ያዙ። እኔ ቀና ብዬ ፕሮፌሰሬን ማየት አቃተኝ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ የልደቱ እንግዶች ከሄዱ በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኩት።

«አባዬ፣ ያኔ ለፕሮፌሰሩ መሐንዲስ ነው ብዬ ዋሽቼ ነበር።»

«አውቃለሁ። አንቺ አበባውን ይዘሽ ቀድመሽ ስትገቢ፣ ገና በር ላይ ‹እንኳን ደህና መጡ፣ ኢንጂነር› ብሎ ነው የተቀበለኝ።»

«ታዲያ ለምን ያኔውኑ አላረምከውም?»

ሻዩን አማሰለ። «ትንሽ ልቆይበት ብዬ ነው» አለኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት የማስበው ስለ ውሸቴ ብቻ ነበር። ‹ኢንጂነር› የሚለውን ስም ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሰማው፣ ሲሰማውም ምን እንደተሰማው፣ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።