ሁለት ወንበር ያላት መኪና

ዕድሜዬን የፈጀሁት ጅማ ከተማ ውስጥ ከመንደራ ቆጪ ሄርማታ ባጃጅ ስነዳ ነው። የባጃጅ ሹፌርን የምታንገሸግሸው አንዲት ቃል ናት፦ «ወራጅ አለ!» በእንቅልፌ ሁሉ ይጮሁብኝ ነበር። ስልችት ሲለኝ ባጃጇን ሸጥኩና ግቢዬ ውስጥ የስፖርት መኪና መሥራት ጀመርኩ። ኧረ ሳቁ! ሰፈሩም ሳቀ፣ ሚስቴም «ላም አለኝ በሰማይ» እያለች ሳቀችብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ተገጭታ የቆመች አሮጌ መኪና ትገዛለህ፣ ቆርቆሮዋን ገፍፈህ ሞተሩንና ጎማውን ታስቀራለህ፣ ከላይ የፋይበርግላስ ቦዲ ታለብሳታለህ። አንዷ ካማረች ሌላው አሮጌውን እየጎተተ ይመጣል፣ እኔም በዚያው ቅርጽ እያወጣሁ እሸጣለሁ ብዬ ነበር። የጅማ ዝናብ ግን ምን ጨነቀው? ፋይበሩን እንዲያጠነክር የምቀባው ሙጫ፣ ሬዚኑ፣ እርጥበት አይወድም፤ አልደርቅ ይላል። ሲደርቅ ደግሞ ስፍቀው ብናኙ ልብሴን አልፎ ቆዳዬ ውስጥ ይገባል። ሚስቴ «አንተን ሲበላህ እኔንም ይበላኛል» ብላ ፍራሽ ለየች። አልፈርድባትም።

ያም ሆኖ አለቀች። ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ጭራዋ ሾል ያለ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት። ማሻአላህ! በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ገዢ ከጅማ አለፍ ብላ ካለችው ከደዶ መጡ፤ ልጃቸውን የሚድሩ የቡና ነጋዴ ሐጂ። ዞሯት፣ ዳሰሷት፣ ወደዷት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ።

«ሹፌሩ እዚህ፣ ሙሽራው እዚያ። ሙሽሪትስ?» አሉ። «ሚዜዎቹስ?»

ያን ሁሉ ጊዜ ስለፋ ይህ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም። እዚህ አገር ደግሞ ከሙሽራ በቀር በእንዲህ ዓይነት መኪና ማን ይሄዳል?

«ማሎ፣ እባክህ፣ ኋላዋን ቁረጥና አግዳሚ ወንበር አስገባልኝ» አሉ ሐጂው። «ያኔ እወስዳታለሁ። የሠርጉ ዕለት አንተው ትነዳታለህ።»

«እርስዎ ካሉ» አልኳቸው። ሌላ ገዢ አልነበረኝም፤ እሳቸው ከሄዱ ወደ ባጃጅ መመለሴ ነው።

ግራይንደሩን ሳስነሳ ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ «አንተ ሰውዬ፣ የእውነት ልትቆርጣት ነው?» አለች። ያን ቀን አልሳቀችም። ያን ጭራ ቆረጥኩት። እንባዬ መጣ፤ ብናኙ ነው አልኳት።

የሠርጉ ዕለት አንዱ ሚዜ ከጎኔ፣ ሙሽሮቹና የሙሽሪት ሚዜ ተጣበው ከኋላ ተቀመጡ። ጭብጨባው፣ ዘፈኑ፣ ከኋላችን የሚሯሯጠው ሕፃን ሌላ ነው። ሁሉም ደስ ብሎታል፤ እኔ ደክሞኛል። ደዶ ገበያው ጋ ስንደርስ ሚዜው ሙሽሮቹን ሊያስቅ ብሎ ዞረና በረጅሙ ጮኸ፦

«ሹፌር! ወራጅ አለ!»

መኪናዋ በሳቅ ተናወጠች። እኔ ግን ሳላስበው የመንገዱን ዳር ይዤ ቆሜያለሁ።